በሦስት ቁልፍ የተዘጋ ሰሌዳ

ካልነኩት የማይሠራ ሰሌዳ ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያየሁት እኛ ትምህርት ቤት ነው። ወረቀቱ ማኅተም አርፎበታል፤ ጣሪያ ሥር ሆኖ እያለ ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ተለብጧል። ሰሌዳው ስማርት ቦርድ የሚሉት ነው፤ እንደ ትልቅ ስልክ በጣት እየነኩ ሥዕል የሚያወጡበት፣ የሚያሳድጉበት፣ የሚጽፉበት። በእሱ ባዮሎጂ እንዳስተምር የተመደብኩት እኔ ነበርኩ።

ትምህርት ቤቱ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፤ ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚህ ስመደብ ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራኝ ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። በመምህራን ማረፊያ የምቀመጠው በር አጠገብ ነው። ክፍል ውስጥ ስናገር ፊት ያሉት ይሰሙኛል፣ መካከል ያሉት ይገምታሉ፣ ከኋላ ያሉት በእምነት ይጽፋሉ።

ሰሌዳው ከመምጣቱ በፊት ያ ክፍል ላብራቶሪ ነበር። ቢያንስ በሩ ላይ እንደዚያ ይላል። ውስጡ አንገታቸው የተሰበረ ብልቃጦች፣ እግሩ የተናጋ ረጅም ጠረጴዛ፣ በፎርማሊን የተዘፈዘፈ አንድ እባብ ነበሩበት። የእባቡ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከብልቃጡ ስለወደቀ፣ ተማሪዎች በየዓመቱ አዲስ በመጣው ሹም ስም ይጠሩታል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ በውስጡ ማይክሮስኮፖች። አንዱ ምን ቢያስቀምጡበት ጉም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የሐምሌን የሰከላ ተራራ ይመስል። ሌላውን ግን በአልኮልና በስስ ጨርቅ ጠራርጌ፣ መስተዋቱን በመስኮት ወደሚገባው ፀሐይ ባዞርኩት ጊዜ፣ የሽንኩርት ልጣጭ አጥርቶ አሳየኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ብቻዬን ሆኜ ሳቅሁ።

በመስከረም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ቃል ገባሁላቸው። «ለፈተና ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ሴልን በዓይናችሁ ታያላችሁ» አልኳቸው። ሴልን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሲስሉት የኖሩ ልጆች ናቸው፤ ክብ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ፣ በጎን ቀስቶች። አንዳቸውም አይተውት አያውቁም። ሰይጣንን የሚስል ሰዓሊም እንዲሁ ነው፤ ቀንዱን የሚያሳምረው ሳያየው ነው።

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከቋሪት በኩል ከገበዘ ማርያም አካባቢ የመጣች፣ ከእኔ ይልቅ ደፋር የሆነች ልጅ ነች።

«ቲቸር፣ ሴል በእውነት የሚታይ ነገር ነው?»

«አዎ።»

«እኔማ ለፈተና ብቻ ያለ ነገር መስሎኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይቺ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የትም ልትሆን ትችላለች፤ ዩኒቨርሲቲም፣ አዲስ አበባም፣ ባሏ ቤትም። ሴል የሚባል ነገር በእውነት መኖሩን ሳታይ ከእጄ እንድትወጣ አልፈለግሁም። ዓመቱን ሙሉ የፈለግሁት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ትልቅ ምኞት አልመሰለኝም ነበር።

በጥቅምት ሰሌዳው መጣ። አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆች አዋጥተው የላኩት ነው፤ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ። ከመኪናው ሲወርድ ትምህርት ተቋርጦ ሁላችንም ወጣን። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ፊት ቆሙ። እኚህ ሽማግሌ የደብራቸው ሰበካ ጉባኤም አባል ናቸው፤ በአካባቢው ያላስታረቁት ሰው፣ ያልፈረዱበት ድንበር የለም። ሰሌዳው መሬት ሳይነካ መረቁት።

የት ይቀመጥ ተባለ። ኮርኒስ ያለው፣ መስኮቱ በብረት የታጠረው ክፍል አንድ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ «ላብራቶሪው» አለ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እዚያው ግን ነበርኩ። በሩ እየተመለሰ እንዳያስቸግራቸው በጀርባዬ ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ጠረጴዛው ወጣ፣ ብልቃጦቹ ወጡ፣ እባቡ ወደ መምህራን ማረፊያ ተዛወረ። የብረቱን ቁም ሣጥን ግን ለመሸከም ሰነፉና እዚያው ጥግ ላይ ተዉት። «ለጊዜው እዚህ ይሁን» አለ ዳይሬክተሩ። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ከ«ለጊዜው» የሚረዝም ጊዜ የለም።

ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ከቆመ በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኸ ንብረት ነው» አሉ። «ንብረት ደግሞ በአንድ ሰው እጅ አያድርም፤ ሰይጣን አለ። እኛ ደብር ዕቃ ቤቱ በሦስት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። አለቃው አንድ፣ ሒሳብ ሹሙ አንድ፣ እኔ አንድ። ሦስታችን ካልቆምን ጽናጽል እንኳን አይወጣም። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ጽዋ ጠፍታብን አታውቅም።»

«ግሩም ሐሳብ ነው አባባ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ግሩምነቱስ የእኔ አይዶል፤ የአባቶች ነው።»

የደብሩ ዕቃ ቤት ለንግሥ እንደሚከፈት፣ ባዮሎጂ ግን በየሳምንቱ ንግሥ እንዳለው የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። ያ ሰው እኔ መሆን እንዳለብኝ ሲገባኝ ወሬው ወደ ቁልፎቹ ዓይነት አልፏል።

ስለዚህ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ተንጠለጠለ። አንዱ የዳይሬክተሩ፣ አንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ፣ አንዱ የሽማግሌው። የንብረት ክፍሏ ሴት ሁልጊዜ አለች፤ ሹራብ እየሠራች ከበሯ ላይ ትቀመጣለች። ሽማግሌው ከአስፋልቱ ወዲያ ገጠር ስለሚኖሩ ወደ ከተማ የሚወጡት በገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ዳይሬክተሩ ፍኖተ ሰላም ስብሰባ አለው። ዳይሬክተሩ በኖረበት ቀን ሽማግሌው እርሻ ላይ ናቸው። ፀሐይና ጨረቃ እንኳን ከእነሱ ይልቅ ይገናኛሉ።

የኮሚቴው ሴቶች በበኩላቸው መጋረጃ አመጡ። ለደብሩ ከተገዛው የተረፈ ቀይ ከፋይ ነው፤ ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ አለው፤ በገመድ ይሳባል። ፀሐይ እንዳያገኘው ተብሎም መስኮቶቹ ከውስጥ በካርቶን ተሸፈኑ። ጨለማ ውስጥ፣ ከከፋይ ጀርባ፣ በሦስት ቁልፍ። የዘመኑን ትምህርት እንዲህ አድርገን ተቀበልነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠው በኅዳር ነው፤ ስብሰባው ተሰርዞ ሦስቱም ባለ ቁልፎች በአጋጣሚ የተገናኙ ዕለት። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ጠመኔ ይዤ እያለሁ ጠሩኝ። «ፍጠኝ እታለም፣ ሳይበተኑ» አለችኝ የንብረት ክፍሏ ሴት።

ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ይህን ያዘዘ ሰው የለም፤ እሳቸው ካወለቁ ግን ማን ተጫምቶ ይገባል? ዳይሬክተሩ አወለቀ፣ እኔ አወለቅሁ፣ ተማሪዎቹ በሙሉ አወለቁ። የኮንጎ ጫማና የሸራ ጫማ ክምር በሩን ዘጋው። ከጠዋት ጀምሮ ሲረግጡ የዋሉ እግሮች ሁሉ መስኮት በማይከፈትበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጋዞች ሥርጭት የተማርኩትን ያን ቀን በአፍንጫዬ አረጋገጥሁ።

«እጇን ትታጠብ» አሉ ሽማግሌው። የንብረት ክፍሏ ሴት በጆግ ውሃ አፈሰሰችልኝ፤ ፎጣም አቀበለችኝ። ከዚያ ገመዱ ተሳበ፣ ከፋዩ ተገለጠ፣ ከኋላ የነበረ አንድ ተማሪ ሳያስበው አማተበ።

ሰሌዳው ላይ ከፋብሪካ የመጣበት ስስ ፕላስቲክ አልተላጠም ነበር። ከጉዞውና ከሙቀቱ የተነሣ እዚህም እዚያም ተነፍቷል። «ይህ ቢላጥ ጥሩ ነበር» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ሽማግሌው።

«ፕላስቲኩ ይላጥ ነው የምትል» አለች የንብረት ክፍሏ ሴት።

«ምን በወጣው ይላጣል? የላጥነው ለት አይዶል ማርጀት የሚጀምር?»

ይህን የሚከራከር ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ከመምህራኑ የሚበዙት የገዙትን ፍሪጅ ፕላስቲክ ሳይልጡ የሚያኖሩ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ የስልኩን መሸፈኛ እንኳን አልላጠም። ችግሩ ሰሌዳው ይህን አለማወቁ ነው። ፕላስቲኩ የተነፋበት ቦታ ሁሉ ለሰሌዳው ጣት ነው። ልብን ስነካ ኩላሊት መጣ። ልቤን ልመልስ ስል ኩላሊቱ መሽከርከር ጀመረ።

«ቲቸር፣ ኩላሊት ነው የመጣው» አለች የቋሪቷ ልጅ።

«አዎ። ልብን በኋላ እናያለን።»

ትምህርቱን የምመራው እኔ ሳልሆን አየር ነበር። ከኩላሊት ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ዓሣ አጥንት ወሰደን። አንድ ተማሪ ጣቱን ዘርግቶ ዓሣውን ሊያቆመው ሞከረ፤ የሽማግሌው ከዘራ በመካከል ገባ። «ተው፣ እጅህን ሰብስብ። የሚነካ አንድ ሰው ነው።» ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔንም አልሰማኝም። ደወል ሲደወል መጋረጃው ተሳበ፣ ቁልፎቹ በየተራ ተቆለፉ። ሽማግሌው ጫማቸውን እያጠለቁ «ደስ የሚል ትምህርት ነው፤ ምንም አልገባኝም» አሉ። ከምስጋና ቆጠሩት። እኔም ተቀበልኩ።

ልጅቷ ግን የምትረሳ አይደለችም። ጫማዋን ከክምሩ እየፈለገች፣ «ቲቸር፣ ያ በመስከረም ያልሽን ማይክሮስኮፕ እዚያ ጥግ ያለው ሣጥን ውስጥ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ገብተን ወጣን እኮ።»

ከገና በኋላ ድፍረቴን ሰብስቤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ማይክሮስኮፖቹ ብቻ ይውጡልኝ፣ መስኮት ያለው ማንኛውም ክፍል ይበቃኛል አልኩት። የምናገረውን በደብተር ጽፌ አጥንቼው ነበር፤ ግማሹን በር ላይ ረሳሁት።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን የሚበቃ ጊዜ የለውም፤ ስብሰባ አለው። አዘነልኝ።

«መምህርት፣ ዓለም ወዴት እየሄደ ነው? ወደፊት። ሰሌዳው ላይ የሽንኩርት ሴል የአልጋ ያህል ሆኖ ይታያል። አንቺ ደግሞ በቀዳዳ አጮልቀው እንዲያዩ ትፈልጊያለሽ።»

«እሱ ሥዕል ነው» አልኩ።

«ታዲያ?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ዛሬም አለኝ፤ ሌሊት ሌሊት በጥሩ ድምፅ እናገረዋለሁ። ያን ጊዜ ግን «እሺ» ብዬ ወጣሁ። የንብረት ክፍሏ ሴት ከሹራቧ ቀና ብላ አየችኝ። «ብቻዬን ብሆን አውጥቼ እሰጥሽ ነበር» አለች። «ምን ላርግሽ፤ እኔ ሲሶ ነኝ።»

ጥር አለፈ፣ የካቲት ገባ። በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ አስተማርኩ፤ ሴሉን እኔም ክብ አድርጌ ሳልኩት፣ መሃሉ ላይ ነጥብ። ልጅቷ እየገለበጠች ቀና ብላ አየችኝና ነጥቧን በእስክሪብቶ አጠቆረች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ከበላይ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ፤ የስማርት ቦርዱን አጠቃቀም ለማየት። በዚያ ሳምንት ሦስቱ ባለ ቁልፎች ሳይለያዩ ሰነበቱ። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ነገር እንደሚከፈት ያኔ ልብ አልኩ፤ ለተማሪ ያልተገኘ ቁልፍ ለጎብኚ ይገኛል።

ዳይሬክተሩ ዩኒፎርማቸው ያልተቀደደ ተማሪዎችን መርጦ አለማመዳቸው። ትምህርቱ የደም ዝውውር ሆነ። ማን ምን እንደሚጠይቅ፣ ማን ምን እንደሚመልስ ተደለደለ። የቋሪቷ ልጅ የደረሳት አንድ ቃል ነው።

«ስትጠየቂ ‹ኦክስጅን› ትያለሽ» አላት።

«ጥያቄው ሌላ ከሆነስ?»

«አይሆንም።»

«ከሆነስ?»

«ምንም ቢሆን ኦክስጅን በይ። ኦክስጅን ጎድቶ አያውቅም።»

እንግዶቹ መጡ። ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ፣ እንግዶቹም ግራ እየተጋቡ አወለቁ፤ የአለቃቸው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ ነበር። ጆግ መጣ፣ ታጠብሁ። ከፋዩ ተገለጠ። አለቃው በስልኩ ፎቶ አነሣ። ልብን ነካሁ፤ ልብ መጣ። አላመንኩም። ልቡ መምታት ጀመረ፤ ሽማግሌው «እሰይ» አሉ።

ከዚያ ከላይ በቀኝ በኩል ያለው የፕላስቲክ ጉብታ ሙቀት ሲያገኘው ተነፈሰና ሰሌዳው ገጽ ለወጠ። የመጣው የሰው የመራቢያ አካላት ነው። የወንድ። በቀለም፣ የአልጋ ያህል ሆኖ።

እኔ ወደ መሬት አየሁ። አለቃው ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ የጎብኚነት ወጉ ግን አልተወውም። አጠገቡ ወዳለችው ልጅ ዞሮ «እስኪ አንቺ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላት።

የቋሪቷ ልጅ ተነሣች። ወደ ዳይሬክተሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«ኦክስጅን» አለች።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ገመዱን ይዘዋል። መጋረጃው ሲዘጋ ቀለበቶቹ ቅዳሴ ላይ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ አሰሙ። «ይኸ ዕቃ ጾም እንኳን አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። የንብረት ክፍሏ ሴት ፎጣውን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወጣች።

ከዚያ በዳይሬክተሩ ቢሮ ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ የግምገማው ሰዓት ነው። ስለ መጣው ሥዕል ማንም አላነሣም። አለቃው የሰሌዳውን አያያዝ አደነቀ፤ ከፋዩን፣ ሦስቱን ቁልፍ፣ ንጽሕናውን። «ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለ። ከዚያ «መምህርቷስ ምን ትላለች?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ተነሣሁ። እንደ ልማዴ «ምንም» ልል ነበር። ልጅቷ ግን በመስኮቱ በኩል ትታየኛለች፤ ከዛፉ ሥር ጓደኞቿ እየሳቁባት። ከዚያ ግምገማ በኋላ ሦስቱ ቁልፎች እስከ ሰኔ ላይገናኙ ይችላሉ። ማይክሮስኮፕ ብዬ ብጠይቅ ወደ ኋላ የምመለስ ሰው እንደምባል አውቃለሁ። ደግሞም የጎጃም ልጅ ነኝ። እኛ አገር የሰነበተ እንግዳን ውጣ አይሉትም፤ «ይህ ቤት ለእርስዎ አይመጥንም» ይሉታል።

«ሰሌዳው ክብሩን አላገኘም» አልኩ።

ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት ሁሉም አጎነበሱ፤ ዝቅ ማለቱ ምስጢር አስመሰለልኝ።

«ያ ክፍል ፎርማሊን የኖረበት ነው፤ እባብም ነበረበት። የተማሪው ትንፋሽ ይበዛል፣ ላቡ ይበዛል። ዛሬ የሆነውም በሙቀቱ ነው። እንዲህ ያለ ንብረት ምንጣፍ ያለበት፣ ሰው የማይበዛበት፣ ኃላፊ ያለበት ቦታ ነው የሚገባው።» ቢሮውን ዞር ብዬ አየሁ። ሌላ አልጨመርኩም።

መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው። «ልጅት ልክ ናት» አሉ። «እባቡን እኔም አልወደድሁት።»

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በዓይኑ ይለካ ጀመር። አለቃው «ቢሮ ከሆነ ለጎብኚም ይመቻል» አለ፤ ያስጽፍም ጀመር። ስለ ተማሪዎቹ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ትንሽ ቆምኩ። አልነበረም። ተቀመጥኩ። ስንወጣ የንብረት ክፍሏ ሴት በጎኔ መጥታ «እታለም፣ አንችን ዝምተኛ ያለሽ ማን ነው?» አለችኝ።

ሰሌዳው በማግስቱ ተነሣ። ወንዶቹ መምህራን ተሸከሙት፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ፊት ፊት፣ ዳይሬክተሩ ወደ ኋላ እየሄደ «ቀስ፣ ቀስ» እያለ። ከግቢው በር ማዶ የሚያልፉ ገበያተኞች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቆመው አሳለፉት። ከፋዩ ተከተለው፣ ወረቀቱም ተከተለው። ሽማግሌው ሥርዓት የማይረሱ ሰው ስለሆኑ ሦስቱን ቁልፎችም ነቅለው ወሰዱ፤ ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ አስተከሉ።

«አባባ፣ እዚህ እንኳን እኔ አለሁ» አለ ዳይሬክተሩ እየሳቀ።

«እኛ ደብር አለቃውም አለ። ቁልፉ ግን ሦስት ነው።»

እንግዶቹ ያደነቁትን ሥርዓት ማን ያፈርሳል? ዳይሬክተሩ ሳቁን ሳይጨርስ ዋጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ገዛ ቢሮው የሚገባው ሽማግሌው ገበያ ሲወጡ ነው። ከንብረት ክፍሏ ሴት ጋር፣ በጠመኔ ካርቶኖች መካከል፣ በሷ በርጩማ ላይ ይውላል። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ቢሮው ውስጥ ስለቀረ መሸኛ የሚፈልግ ሁሉ ቀጠሮው ለገበያ ቀን ሆነ። በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ መሄዱን ሳይቀር ተወ። ሰሌዳው እኔ እስከማውቀው ድረስ ዳግም አልተበራም። እንግዳ ሲመጣ ግን መጋረጃው ይገለጣል።

እኔ ካርቶኑን ከመስኮቶቹ ላይ ቀደድሁ። ጠረጴዛውን መለስን፤ የተናጋ እግሩን ተማሪዎቹ በድንጋይ ደገፉት። እባቡን መምህራኑ በደስታ መለሱልኝ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ፀሐዩ በመስኮት ሲገባ፣ ማይክሮስኮፑን አወጣሁ። ሽንኩርቱን ያመጣችው የቋሪቷ ልጅ ናት፤ ከስንቋ። ልጣጩን እንደ ሻሽ ስስ አድርጋ አነሣች፣ የማይክሮስኮፑ ስስ ብርጭቆ ላይ ዘረጋች፣ አዮዲን ጠብ አደረግሁበት።

«ምን ይታይሻል?»

«ጥቁር ጥቁር ነገር። እንደ ሣር።»

«እሱ ሽፋሽፍትሽ ነው። ትንሽ ራቂ።»

ትንሽ ራቀች። ጓደኞቿ ከኋላ ይገፏታል። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«ክብ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እንደ ማሳ ነው ቲቸር። ከተራራ ላይ ሆኖ እንደሚታይ። ወሰን ወሰን አለው።» ከዚያ በቁጣ ቀና አለች። «ታዲያ ለምን ክብ አድርገን ስንስል ኖርን?»

ልመልስላት ስል በሩ ላይ ከዘራ ተሰማ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሽማግሌው ለማኅተም ቢሮውን ከፍተው እየተመለሱ ነው። ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲያጎነብሱ «አባባ፣ እዚህ አይወለቅም፤ ይግቡ» አልኳቸው። ተማሪዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሌላውን ቀዳዳው ላይ አስጠጉ። ለረጅም ጊዜ አልተነሡም።

«ይኸ ሁሉ በሽንኩርት ውስጥ ነው ያለ?»

«አዎ አባባ።»

«ሁልጊዜም ነበር?»

«ሁልጊዜም።»

ቀና ብለው ማይክሮስኮፑን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ብረቱን፣ መስተዋቱን። ከዚያ ዞር ብለው በሩን አዩ፤ ሦስቱ ቁልፎች የተነቀሉበት ቀዳዳ ገና አልተደፈነም።

«አንች» አሉኝ፣ «ይኸንንስ በስንት ቁልፍ ነው የምትዘጊው?»

የልጅቷ እጅ ጠረጴዛው ላይ ሲጨበጥ አየሁ።

«ኧረ አባባ» አልኩ፣ «ይህ አሮጌ ዕቃ ነው። ሊጣል የተቃረበ። አዲሱ እርስዎ ጋ አይደል?»

«እንዲያ ነው?» ትንሽ አዘኑ። «እንዲያ ከሆነስ ተይው፣ ልጆቹ ይጫወቱበት» ብለው ወጡ። የከዘራቸው ድምፅ በበረንዳው ላይ እየራቀ ሄደ።

ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ቲቸር፣ እውነት ሊጣል ነው?»

«አንቺ እይ» አልኳት። «ሌሎቹ እየጠበቁሽ ነው።»

ዓይኗን መልሳ ቀዳዳው ላይ አደረገች፤ ሽፋሽፍቷን አርቃ።